ከርዳዳ ፀጉር፦ ሳይንሱ፣ ገበያውና አያያዙ

ሪላክሰር ያቆመች ሴት ብዙ ጊዜ የምትጠብቀው ነገር አለ። ኬሚካል የነካው ጫፍ ተቆርጦ ሲያልቅ፣ ከሥር የሚወጣው ፀጉር በስልኳ እንዳየቻቸው ሴቶች ቀለበት ቀለበት እየሠራ የሚወርድ ይመስላታል። ወራት አልፈው ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ የራሷ ሲሆን ቀለበቱ የለም። ሲርስ ጥቂት ይሰበሰባል፤ ሲደርቅ ይነፋል፤ እያንዳንዱ ክር በየፊናው ይሄዳል። ጄል ትጨምራለች፣ ክሬም ትቀይራለች፣ ሌላ ቪዲዮ ትከፍታለች። በመጨረሻ ወይ ፀጉሬ ተቃጥሏል ትላለች፣ ወይ አያያዙን አልቻልኩበትም ብላ ራሷን ትወቅሳለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም አልሆነም። ፀጉሯ ጤነኛ ነው፤ ቅርጹም ይኸው ነው።

በአገራችን ከርዳዳ በሚባለው በዚህ ፀጉር ላይ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተሸጧል። ባሕርይው ግን ለባለቤቶቹ በቅጡ የተነገራቸው አይመስለኝም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ያገኙትን፣ ገበያው የሚለውንና እናቶቻችን ሲያደርጉ የኖሩትን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላየው እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የምከራከርለትም ነገር ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ ይህን ፀጉር የሚጎዳው ከርዳዳነቱ ሳይሆን ጥቅልል እናውጣለት ተብሎ የሚደርስበት ግፊያና ጉተታ ነው።

የፀጉር ቅርጽ የሚወሰነው ከቆዳ በታች ነው። ሉጫ ፀጉር የሚበቅልበት ከረጢት ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን የከርዳዳው ከረጢት ግን ከሥሩ ጀምሮ የታጠፈ ነው። ክሩ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይም የሉጫው ገጽ ወደ ክብነት ያደላል፤ የከርዳዳው ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው። የተሠራበት ኬራቲን የሚባለው ፕሮቲን ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ የአፍሪካዊ ፀጉር ከሌላው ያነሰ ወይም የተለየ ንጥረ ነገር የለውም። ልዩነቱ በአወጣጡና በመታጠፉ ላይ ነው። የከርዳዳ ፀጉር ክር በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ አቅጣጫ ይቀይራል፤ በዚያ ላይ በራሱ ዙሪያ ይጠማዘዛል።

ታዲያ ጥቅልል የሚባለው ከየት ይመጣል? አንድ ክር ብቻውን ዓይን አይሞላም። ጥቅልል ብለን የምናየው ጎን ለጎን የበቀሉ ብዙ ክሮች በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ አቅጣጫ ታጥፈው አንድ ላይ ሲተኙ ነው። ክሮቹ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ፣ አንዱ በሰፊው፣ ሌላው በጠባቡ ከታጠፉ ስብስቡ አይፈጠርም። ይህ እንግዲህ የእርጥበት እጥረት አይደለም፣ የምርት ምርጫ ስህተትም አይደለም። በአንድ ራስ ላይ እንኳ ማጅራት አካባቢ ትንንሽ ቀለበት እየሠራ፣ መሀል አናት ላይ ምንም ቅርጽ የማይዝ ፀጉር ብዙ ነው።

ከዚህ አወቃቀር ሦስት ነገር ይከተላል፤ የእንክብካቤው ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ላይ ስለሆነ ልብ ቢባሉ ጥሩ ነው። አንደኛ፣ ቆዳችን የሚያመነጨው ወዝ በቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በየእርምጃው በሚታጠፍ ክር ላይ ግን መንገድ ላይ ይቀራል፣ ጫፉም ደረቅ ይሆናል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ የመበጠሻ ቦታ ነው። ከርዳዳን ጠንካራ ፀጉር እያልን ማበጠሪያ የምንሰብርበት ልማድ አለን፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። ክፍት ብሎ ሲታይ ብዙ ቢመስልም ነጠላው ክር በቀላሉ የሚበጠስ ነው። ሦስተኛ፣ ክሮቹ እርስ በርሳቸው፣ አልፎ ተርፎም አንዱ ክር በራሱ ላይ ይቋጠራል። በደቡብ አፍሪካዊቷ የቆዳ ሐኪም ኖንህላንህላ ኩማሎ የተመራ በ2000 የወጣ ጥናት የአፍሪካውያንን ፀጉር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ቋጠሮውና የተሰበረው ጫፍ ከሌሎች ፀጉሮች እጅግ እንደሚበዛ አሳይቷል።

ስለ መመደቡ ነገር ብዙ መባል አለበት፤ ብዙዎቻችን ስለ ፀጉራችን የምናውቀው በምድብ ስም ነውና። የኦፕራ ዊንፍሬ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር በ1997 ባወጣው መጽሐፍ ፀጉርን ከ1 እስከ 4 ከፈለ፤ 1 ሉጫ፣ 4 ከርዳዳ፣ በየውስጡም በፊደል የተለዩ ንዑስ ምድቦች። ዛሬ በሰው አፍ የሚዘወተረው 4ሲ በኋላ በተጠቃሚዎች የተጨመረ ነው፤ ትርጉሙም በአጭሩ ጥቅልሉ የማይለይ ማለት ነው። ራሱ ዎከር በ2011 ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ በኬሚካል እንዲለሰልስ የሚመክረው ይህን ከርዳዳውን ፀጉር ብቻ እንደሆነ ተናግሮ ብዙዎችን አስቆጥቷል። ቁጣው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰንጠረዡ ከ1 ወደ 4 ሲወርድ የማዕረግ መሰላል እንዲመስል ያደረገው አመለካከት በዚያ አነጋገር ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፀጉርን እያዩ ሰውን መመደብ ከዚያ በፊትም ከዚያ የከፋ ታሪክ አለው። ደቡብ አፍሪካ በ1950 የሕዝብ ምዝገባ አዋጅ ሰዎችን በዘር ስትከፋፍል፣ መልኩ ያሻማው ሰው ፀጉሩ ውስጥ እርሳስ ይሰካበት ነበር። እርሳሱ ከወደቀ አንድ ዕጣ፣ ካልወደቀ ሌላ ዕጣ። የአንድ እናት ልጆች በተለያየ ዘር ተመዝግበው የተለያዩበት ጊዜ ነበር። የሎሪያል ተመራማሪዎች በ2007 ያወጡት ምደባ ደግሞ ዘርን ወደ ጎን ትቶ በ18 አገሮች ከሚኖሩ ሰዎች ፀጉር ወሰደ፤ የመታጠፊያውን ስፋት፣ የሞገዱንና የመጠማዘዙን ብዛት ለክቶም 8 ዓይነት አገኘ። ይሄኛው ቢያንስ የሚለካ ነገር ላይ ቆሟል።

ለቤት አያያዝ ግን የዎከርም የሎሪያልም ምደባ ያን ያህል አይረዳም። 4ሲ ነኝ ያለች ሴት ክሯ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን ሳሳ ያለ፣ ውሃ ቶሎ ይምጠጥ ወይም ያንጠባጥብ ከስሙ አይታወቅም። ሁለት 4ሲ የሚባሉ እህትማማቾች ተቃራኒ አያያዝ ሊፈልጉ ይችላሉ። ከምድቡ ይልቅ የሚጠቅመው ክሩን በጣት ይዞ መዳሰስና ከታጠበ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚደርቅ ማስተዋል ነው። አንድ ክር ብርጭቆ ውሃ ላይ ጥሎ ይሰምጣል አይሰምጥም እያሉ መፈተን በየቦታው ይመከራል፤ ክሩ ላይ የቀረ ጥቂት ቅባት ብቻ ውጤቱን ስለሚቀይረው አልመክረውም።

ይህ ፀጉር ለምን ተፈጠረ ለሚለው በቅርቡ ደስ የሚል መልስ ተገኝቷል። አንትሮፖሎጂስቷ ቲና ላሲሲና ባልደረቦቿ በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙቀት የሚለካ የሰው ቅርጽ አሻንጉሊት ላይ ሉጫ፣ ጥቅልልና በጣም የተጠማዘዘ ፀጉር ያላቸውን ዊጎች እያፈራረቁ የፀሐይ ሙቀት በሚሰጥ መብራት ሥር አስቀመጡ። ማናቸውም ፀጉር ከመላጣነት ይሻላል፤ ከሁሉ በላይ ጭንቅላቱን ከሙቀት የጠበቀው ግን በጣም የተጠማዘዘው ነበር። ከቆዳው ከፍ ብሎ ስለሚቆም ፀሐዩ የሚያርፍበት ቦታና ራስ ቅሉ ይራራቃሉ። መንፋቱ ሥራው ነው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ውስብስብ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ አባትና እናት፣ ዞማም ሉጫም ከርዳዳም ይወለዳል። ዘፈኑ ዞማውን ሲያወድስ ኖሯል፤ ከርዳዳዋ ልጅ ደግሞ ከአክስቶቿ የምትሰማውን እናውቃለን፤ «የእህትሽን አልወሰድሽም» ይሏታል። በሌላ በኩል ግን ጎፈሬ በዚህች አገር የክብር መልክ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን በዱር የቆዩት አርበኞች ፎቶግራፎች ዛሬም ጎፈሬያቸውን ያሳዩናል። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ይሠሩ ነበር። የከረዩ ወጣቶች ፀጉራቸውን አጎፍረው ሚዶ ሰክተው ሲሄዱ፣ የአፋር ጎልማሶች በቅቤ እያሹ ሲያስውቡት፣ የሐመር ሴቶች በቀይ አፈርና በቅቤ ሲያሰናዱት ፀጉሩን የተፈጥሮ ጉድለት ያለበት አድርጎ ያየ የለም። የከርዳዳ ፀጉር ውበት በመነፋቱና የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ በመቆየቱ እንደሆነ እነዚህ ሁሉ ያውቁት ነበር። ሹሩባ ሲሠራበት ለቀናት የማይፈታ፣ ሲጎፈር የማይተኛ ፀጉር ሉጫ ሊሆን አይችልም።

አሁን በየከተማው የተስፋፋው የናቹራል ፀጉር ፍቅር በመሠረቱ መልካም ነው። የፒያስትራና የሪላክሰር ግዴታ ላልቷል። ግን በቦታው ሌላ ግዴታ ሲገባ እያየሁ ነው፤ ተፈጥሯዊ ሁኚ፣ ጥቅልልሽ ግን የተለየና የሚያበራ ይሁን የሚል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሎሬን ማሴ ያስተዋወቀችውና ዓለምን የዞረው የጥቅልል ፀጉር አያያዝ ዘዴ፣ የተለመደውን ሻምፖ መተውን፣ በኮንዲሽነር መታጠብንና ጄል አድርጎ ሳይነኩ ማድረቅን ያስተምራል። ክሩ በራሱ ለሚሰባሰብ ሰው ይሠራል። ከርዳዳው ላይ ግን ሳይዘረጋ እንዲደርቅ የተተወ ፀጉር ይኮማተርና ይቋጠራል፤ በሻምፖ የማይጸዳ ራስ ቆዳም ቅባትና ፎሮፎር ያከማቻል። ጄል ክሮቹን አጣብቆ ለሁለትና ሦስት ቀን ጥቅልል ማስመሰል ይችላል፤ ትዊስት ሠርቶ መፍታትም እንዲሁ። ጌጥ ነው፣ ያምራል፣ የምትወደው ታድርገው። የጤና ምልክት አድርጎ መሸጡ ነው ስህተቱ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ለጥቁሮች ፀጉር በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ መታጠብን ይመክራል፤ ለእኛም የሚሆን ይመስለኛል። አቧራ ላይ የሚውል ወይም ስፖርት የሚሠራ ሰው ወደ ሳምንቱ ያደላል። ሻምፖው የሚያርፈው ቆዳው ላይ ነው፤ ክሩን አረፋው ሲወርድ ያጥበዋል፣ ማሸት አያስፈልገውም። ፀጉሩን አራት ወይም ስድስት ቦታ ከፍሎ፣ እያንዳንዱን በልቅ ትዊስት ይዞ መታጠብ ግማሹን መቋጠር ያስቀራል።

የማበጠሩ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። በሉጫ ፀጉር ላይ የተሠሩ ምክሮች እርጥብ ፀጉር አታበጥሩ ይላሉ፤ እርጥብ ሉጫ በቀላሉ ይለጠጣልና። ከርዳዳው ላይ የተደረጉ ልኬቶች ግን ተቃራኒውን ያሳያሉ፤ ደረቁን ለማበጠር የሚያስፈልገው ጉልበት እርጥቡን ለማበጠር ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ስለዚህ ከርዳዳ ፀጉር የሚበጠረው ረጥቦ፣ ኮንዲሽነር ጠጥቶ፣ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ተነስቶ ወደ ሥር እየተወጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሊረፍድ ሲል፣ ደረቁን፣ ከሥር ጀምሮ እየጎተቱ የልጅን ፀጉር ማበጠር ልጅቷን የሚያስለቅሳት ያለ ምክንያት አይደለም። እባካችሁ እናቶች፣ ይህን ሥራ ወደ እሁድ ከሰዓት አዙሩት፤ አበጥራችሁ ላላ ያለ ቁጥርጥር ከሠራችሁላት ሳምንቱን ሙሉ ማበጠሪያ ባይነካት ይሻላል።

ቅቤን በተመለከተ አያቶቻችን ትክክል ነበሩ፤ ግን የሚሠራውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ለጋ ቅቤ ክሩን ያለሰልሳል፣ መፋተግን ይቀንሳል፣ ያለውን እርጥበት እንዳይተን ይከለክላል። ውሃ ግን አይሰጥም። በደረቀ ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ ድርቀቱን ነው የሚያሽገው፤ በረጠበ ፀጉር ላይ ሲቀባ ግን እርጥበቱን ያቆየዋል። ፎሮፎር ያለበት ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፤ ከፎሮፎር ጋር የተያያዘው ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ የሚኖረው በስብ ነው፤ ቅቤ ቆዳው ላይ ለቀናት ሲያድር ይመገበዋል። ከቅባቶች መካከል ጥሩ መረጃ ያለው የኮኮናት ዘይት ነው፤ የህንድ ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ሥራ ወደ ክሩ ውስጥ ዘልቆ እንደሚገባና ሲታጠብ የሚወጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከመታጠብ በፊት ነው መቀባት ያለበት። እንቁላል መለቅለቅ ፕሮቲን ይሰጣል የሚባለው ግን አያስኬድም፤ የእንቁላሉ ፕሮቲን ወደ ክሩ ለመግባት እጅግ ትልቅ ነው። እሬትና የተልባ ልጥልጥ ያለሰልሳሉ፣ ርካሽም ናቸው፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር ግን አይጠበቅባቸውም። ማታ ሳቲን ሻሽ ማሰር ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የጥጥ ትራስ ክሩን ይፈትጋል፣ ቅባቱንም ይመጥጣል።

ፒያስትራ እጅግ ይፋጃል፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳሉ። እርጥብ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ክሩ ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላና ክሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል። በተደጋጋሚ የተተኮሰ ፀጉር ከታጠበ በኋላም ወደ ራሱ መታጠፍ ላይመለስ ይችላል፤ ያንን ፀጉሬ ለሰለሰ እያሉ የሚደሰቱ አሉ፤ የተቃጠለ ነው።

ፀጉሬ አያድግም የሚለው ቅሬታ ከሁሉ በላይ ይሰማል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ልኬት የአፍሪካውያኑ ፀጉር በቀን በአማካይ 256 ማይክሮ ሜትር፣ የአውሮፓውያኑ 396 ማይክሮ ሜትር ያድግ ነበር። በዓመት ሲሰላ ወደ 9 ሴንቲ ሜትርና ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። ዝቅ ይላል እንጂ ያድጋል። ከዚያ ላይ በመታጠፉ ርዝመቱ ተኮማትሮ ይደበቃል፤ የቀረውን ደግሞ መበጠስ ይወስደዋል። የቻድ ባሳራ ሴቶች ቼቤ በሚባል የዘር ዱቄትና ቅባት ፀጉራቸውን እየለወሱ ወገብ የሚደርስ ፀጉር ያሳድጋሉ፤ ዱቄቱ ዛሬ በዓለም ገበያ ይሸጣል። እኔ ግን ምስጢሩን የማየው አሠራራቸው ላይ ነው። ፀጉሩ ተለውሶ፣ ተጎንጉኖ፣ ለቀናት ሳይነካ ይቆያል። ርዝመቱን የሚጠብቀው ያ ዕረፍት ነው።

ስለ ሪላክሰር በአጭሩ። የጠንካራዎቹ ሪላክሰሮች ዋና ኬሚካል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የክሩን የሰልፈር ማሰሪያ ይበጥሳል፤ ቆዳ ያቃጥላል። በ2022 በአሜሪካ የወጣ፣ 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመታት ያህል የተከታተለ ጥናት፣ ፀጉር ማለስለሻ ተጠቅመው የማያውቁ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሲሆን አዘውትረው የሚጠቀሙት 4.05 በመቶ እንደሆነ ገምቷል። ይህ ተያያዥነትን ነው የሚያሳየው፤ ሪላክሰሩ ካንሰሩን አመጣ ብሎ ለመደምደም አይበቃም። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ ራስ ላይ ላለመቀባት ግን ለእኔ ከበቂ በላይ ነው።

በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ጉዳዩ የሕግ ጥያቄም ሆኗል። በ2016 የፕሪቶሪያ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች በተፈጥሯዊ ፀጉራቸው ላይ የተጣለውን ገደብ ተቃውመው ወጡ። ካሊፎርኒያ በ2019 በፀጉር ዓይነትና አሠራር ምክንያት ማግለልን ከለከለች፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በ2020 ተከተሉ። እዚያ ልጇን በከርዳዳ ፀጉሯ የተነሳ ከክፍል ያስወጡባት እናት መብቷ በሕግ የተጻፈ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ሹሩባ ነው፤ በብዛት የምንጎዳው በሱ ስለሆነ። ላላ ብሎ የተሠራ ሹሩባ ለከርዳዳ ፀጉር ከማናቸውም ምርት ይበልጣል። ቅንድብ እስኪነሳ የተወጠረው፣ ሂውማን ሄር የተጫነበት፣ በወሩ ተፈትቶ በማግስቱ የሚደገመው ግን ሥሩን ይነቅላል። በመወጠር የሚመጣው መመለጥ በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው በ1907 በግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነበር፤ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ስበው የሚያስሩ ነበሩ። ከርዳዳ መሆን አያስፈልግም ማለት ነው፤ መወጠር ይበቃል። ኩማሎና ባልደረቦቿ ኬፕታውን ውስጥ ባደረጓቸው ጥናቶች ከመረመሯቸው አዋቂ ሴቶች ወደ 32 በመቶ የሚሆኑት፣ ከተማሪ ልጃገረዶችም 17 በመቶ ያህሉ ይህ ጉዳት ነበረባቸው። ሪላክሰር የተቀባ ፀጉር ላይ ሹሩባ ሲጨመር አደጋው ይብሳል።

ሹሩባ ሲሠራ ካመመ ተወጥሯል፤ በዚያው ይፈታ፣ ለሹሩባ ሠሪዋም ይነገራት። በነጋታው ግንባር ዳር ትንንሽ እባጭ ከወጣ ደግሞ አይጠበቅም። የግንባሩ መስመር ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምር መወጠሩ ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ቆዳው ጠባሳ ይዞ ከለሰለሰ ግን አይመለስም። አናት መሀል ላይ ተነስቶ እየሰፋ የሚሄድ መሳሳት ሌላ በሽታ ነው፤ በ2019 ፓዲ3 ከሚባል ጂን ጋር መያያዙ ታውቋል፤ በቅቤም በዘይትም አይድንም። ማሳከክ፣ ማቃጠል ወይም ሕመም ከመሳሳቱ ጋር ከመጣ የሚኬደው ወደ ፀጉር ቤት ሳይሆን ወደ ቆዳ ሐኪም ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ አለርትን የመሰለ የቆዳ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል አለ። ሲኬድ ፀጉሩ ከሹሩባም ከሂውማን ሄርም ነፃ ይሁን፣ ቅባቱ ይታጠብ፤ ሐኪሙ ቆዳውን ማየት አለበት። ሪላክሰር መቼ እንደተቀባ፣ ሹሩባ በየስንት ጊዜው እንደሚሠራ፣ እናትና እህቶችም ተመሳሳይ መሳሳት እንዳለባቸው ይነገረው።